“መኪና እንደሆነ አለን” ብለው ወሰኑልኝ፤ አሁን እንዴት እምቢ ልበል?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ዓምድሽን ከድሮም አነባለሁ፣ ስጽፍልሽ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ሌሎች ከሚጽፉልሽ ጋር ሲተያይ የኔ ነገር ቀላል ይመስልሽ ይሆናል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

አምስት ጓደኛሞች ነን። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አልተለያየንም። በዓመት አንዴ ተሰባስበን ራቅ ወዳለ ቦታ ወጣ እንላለን። ዘንድሮ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ተመረጠች። ቁርስ ከአልጋው ጋር ነው፣ ባለቤቶቹም እዚያው ይኖራሉ፣ አራት ሌሊት እናድራለን። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ጓደኛችን መኪኖች አሸዋ ላይ ሲዘሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ግሩፓችን ላይ ለጠፈና “ይኼን ነው የምናደርገው፣ መኪና እንደሆነ አለን” አለ። የኔን ማለቱ ነው። አምና የገዛሁት ያገለገለ ፎር ዊል ድራይቭ ነው፤ ብድሩን ከፍዬ ለመጨረስ ገና ሦስት ዓመት ይቀረኛል። ማንም “ትፈቅዳለህ ወይ?” አላለኝም። ሁሉም ሲጨፍሩ እኔም አውራ ጣት ላኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ቀልድ አድርጌ “መኪናዋ ብትጎዳስ?” ብዬ ጻፍኩ። ያው ልጅ “ለመኪና ነው እንዴ የምትኖረው?” አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም የሚስቅ ፊት ላክሁ። የዚያን ቀን ማታ ደግሞ አንዷ ጓደኛችን ለብቻዬ “እኔ ወገቤን ያመኛል፣ እንደዚያ መንገጫገጭ አልችልም፣ ግን እንዳትነግራቸው” ብላ ጻፈችልኝ።

ቀብድ ተከፍሏል። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። መኪናዋ ጋራዥ ገባች ልበል? ወይስ ጉዞውን ራሱ ልተወው? እውነቱን ለመናገር የሚፈልጉት እኔን ይሁን መኪናዬን እያልኩ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦

ሰላም ወንድሜ። ነገርህ ቀላል አይደለም። ብድር አለበት፣ ጓደኝነት አለበት፣ ይሉኝታ አለበት። ሦስቱ ተደራርበው እንቅልፍ ቢነሱህ አይገርምም።

እስቲ ከጋራዧ እንጀምር፣ ምክንያቱም ልብህ ወደዚያ ያደላ ይመስለኛል። “መኪናዋ ተበላሽታ ጋራዥ ገብታለች” አልክ እንበል። ጓደኞችህ “አይዞህ፣ ሦስት ሳምንት አለ፣ ትደርሳለች” ይሉሃል። አንዱ ጎበዝ መካኒክ ያውቃል፣ ስልኩን ይልክልሃል። ሌላዋ “ምኗን ነው?” ትልሃለች፣ አንተም ካምቢዮ ወይ ራዲያተር ብለህ አንድ ነገር ትፈጥራለህ፣ ከዚያ በኋላ ያን የፈጠርከውን ነገር ላለመርሳት ስትጨነቅ ትከርማለህ። እሺ፣ ተሳካልህ እንበል። የሚመጣው ዓመትስ? ጉዞ በደረሰ ቁጥር መኪናዋ ልትታመም ነው? ውሸቱ ሦስት ሳምንት ይገዛልህ ይሆናል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው ያለው።

መቅረቱም እንደዚያው ነው። ብትቀር ምክንያቱን ትጠየቃለህ፣ ምክንያቱን ካልተናገርክ ደግሞ ሰው የራሱን ግምት ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ግን አንተ መሄድ የፈለግክ ይመስለኛል። ስለ ማረፊያዋ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው፤ እዚያ ጋ ደስ ብሎህ ነው የጻፍከው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናዋን የገዛኸው አምና ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትስ ይጠሩህ አልነበር? መኪና ባልነበረህ ጊዜም አብረሃቸው ትወጣ እንደነበር ከጻፍከው ይገባኛል። ስለዚህ “እኔን ወይስ መኪናዬን” ለሚለው ጥያቄህ ግማሹ መልስ እዚያው ደብዳቤህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጓደኞችህ ክፉዎች አይመስሉኝም። በሰው ንብረት ላይ ግድ የለሽ ሆነዋል፣ እሱ ግን የሚነገር ነገር ነው።

ደግሞም እነሱ ያዩት አውራ ጣትህን ነው። ሆድህን አላዩም። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ ሁሉም ሲጨፍር አንድ ሰው “ቆይ እስቲ” ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን በእነሱ በኩል ነገሩን ስታየው፣ ተስማምተሃል፣ ስቀሃል፣ ቀብድም ከፍለሃል። እንደከፋህ የሚያውቅ ሰው የለም። “ለመኪና ነው እንዴ የምትኖረው?” የሚለው ቀልድ ለምን እንዳመመህም ይገባኛል። ተገቢ ጥያቄ ነበር የጠየቅከው፣ እሱ ግን ስስታም አስመሰለህ፣ ያውም በሰው ፊት። እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ለብቻችሁ የምትነጋገሩት ነገር አለ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ፍርሃትህ ከንቱ እንዳልሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የሳቁብህ ስለ አሸዋ ብዙ የሚያውቁ አይመስለኝም። ቪዲዮው መኪናው ሲዘል ያሳያል እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን አያሳይም።

ኢንሹራንስህን አውጣና አንብበው። ዛሬ ማታ። ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች ከመደበኛ መንገድ ውጭ ሲነዳ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም፣ ወይም ለብቻው የሚከፈልበት ነው። የአንተ ውልም እንደዚያ ካለ፣ መኪናዋ እዚያ አንድ ነገር ብትሆን ኢንሹራንስ አይከፍልህም፣ አበዳሪህ ደግሞ ወርሃዊውን ክፍያ ከመጠበቅ አይመለስም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሌለች መኪና መክፈል ማለት ነው። “መኪና እንከራያለን” የሚል ሐሳብ ከመጣም ይኸው ነው፤ አብዛኞቹ የኪራይ ውሎች ባሕር ዳርቻና አሸዋ ላይ መንዳትን በግልጽ ይከለክላሉ።

ቀጥሎ ጨው። የባሕር ውሃ መኪና ሥር ገብቶ ብረቱን፣ የፍሬን ቧንቧውን፣ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹን ይበላል። በዚያው ቀን ሥሯን በንጹሕ ውሃ በደንብ ካላጠብካት ዝገቱ ይጀምራል፣ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። ይህን ነጥብ ልብ በልልኝ፤ ባምፐር ቢሰበር ሁሉም ቆሞ አይቶታል፣ ያዋጣል። ከስድስት ወር በኋላ ለሚወጣ ዝገት ግን ማን ያዋጣል? ማንም። ከጉዞው ጋር የሚያገናኘውም አይኖርም።

ባሕሩ ራሱም አለ። በአብዛኛው ዳርቻ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በ3 ሰዓት ባሕሩ ሸሽቶ ያየኸው ዳርቻ፣ ከነገ ወዲያ በዚያው ሰዓት ያን ያህል ላይሰፋ ይችላል። ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ በሆነበት ሰሞን ደግሞ ሙላቱም ሽሽቱም ይብሳል። ለመንዳት የሚመቸው ባሕሩ ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው እርጥብና ጠጣር አሸዋ ነው። እዚያ ላይ ጎማህ ከሰመጠና ውሃው መመለስ ከጀመረ መኪናህን ለማውጣት ያለህ ጊዜ የተቆጠረ ነው። መኪና በባሕር ዳርቻ በውሃ የሚዋጠው እንዲህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትናንት ሰዓቱን አይቶ ዛሬ ሳያይ በወጣ ሰው እጅ።

ደግሞ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ ክጋሪ በምትባለው ደሴት ላይ ዳርቻው ራሱ እንደ አውራ ጎዳና ይቆጠራል፣ ፍቃድ አውጥተህ ትነዳለህ። ደቡብ አፍሪካ ግን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለመዝናናት ተብሎ ዳርቻ ላይ መንዳት ተከልክሏል። እናንተ የምትሄዱበት ዳርቻ የቱ ዓይነት እንደሆነ ጠይቃችኋል? ጠይቃችሁ ከሆነ ጥሩ። ከደብዳቤህ ግን የጠየቀ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

እና ምን ላድርግ ትለኛለህ። እኔ የሚታየኝን ልንገርህ፣ ውሳኔው ያንተ ነው።

መኪናህ እስከ ማረፊያዋ በር ድረስ ትሂድ፣ እዚያ ትቁም። አሸዋውን በሌላ ሰው መኪና እዩት። ብዙ ቦታ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ከአካባቢው ሰው ጋር ይተዋወቃሉ፤ የራሱ መኪና ያለው፣ አሸዋውን የሚያውቅ፣ የባሕሩን ሰዓት የሚያውቅ ሹፌር ሊያገናኟችሁ ይችላሉ። አንድ ቀን ብቻ ያዙት። ጓደኞችህ የፈለጉትን ያገኛሉ፣ አንተም መሪ ጨብጠህ ከምትሳቀቅ ወደ ውጭ እያየህ ትዝናናለህ። ይኼ ሐሳብ የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለው፤ “እምቢ” ብለህ ብቻ ከመጣህ ሰው ሁሉ ቀረብን ይላል፣ “እንዲህ እናድርግ” ብለህ ስትመጣ ግን የሚያወራው ስለ አዲሱ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ለማረፊያዋ ደውል። ለግሩፑ ከመጻፍህ በፊት። ሦስት ነገር ጠይቅ፤ ዳርቻው ላይ መኪና ይፈቀዳል ወይ፣ የሚያውቁት ሹፌር አለ ወይ፣ ቀብዱ ሳይቃጠል ቀን ወይም የሰው ቁጥር መቀየር የሚቻለው እስከ መቼ ነው። መልሱን ይዘህ እንዲህ ያለ ነገር ጻፍላቸው፦

“ጓዶች፣ ዘግይቼም ቢሆን አንድ ነገር ልናገር። ቪዲዮው ሲለጠፍ አውራ ጣት ልኬያለሁ፣ ልቤ ግን አልነበረበትም። መኪናዬን አሸዋ ላይ አላስገባትም። ብድሯን ገና እየከፈልኩ ነው፣ እዚያ ብትጎዳ ብቻዬን ነው የምሸከመው። እስከ ማረፊያው ግን ሁላችሁንም አደርሳችኋለሁ። አሸዋው እንዳይቀርብን ደግሞ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ የራሱ መኪና ያለው ሹፌር አለ። አንድ ቀን እንያዘውና የምንሄደው ሰዎች ወጪውን እንካፈል። ምን ትላላችሁ?”

በራስህ አነጋገር ቀይረው። ግን ሁለት ነገር አትቀንስበት። “አላስገባትም” የሚለውን “ባላስገባት ደስ ይለኛል” አታድርገው፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ለስላሳ አባባል ለክርክር በር ይከፍታል፣ አንተ ደግሞ በክርክር የምትረታ ሰው ትመስለኛለህ፤ አትቀየመኝ። ሁለተኛ፣ ይቅርታ እየደጋገምክ አትጻፍ። የራስህን መኪና ነው የከለከልከው።

“የምንሄደው ሰዎች” ያልኩት ደግሞ ወገቧን ስለሚያማት ጓደኛችሁ ብዬ ነው። ምስጢሯን በአደራ ሰጥታሃለች፣ ስለዚህ “እሷም እኮ አትፈልግም” ብለህ ለራስህ መከራከሪያ እንዳታደርጋት። ቢፈትንህም። ይልቅ መልእክቱን ከመላክህ በፊት ለብቻዋ “እንዲህ ልጽፍ ነው፣ ስምሽን አላነሳም” በላት። ከፈለገች ራሷ ትናገራለች፣ ካልፈለገች ደግሞ የሚሄድ ሄዶ የሚቀር ይቀራል፣ ማንም ለምን ቀረሽ አይላትም። ትንሽ ልሞክረው ካለች ከፊት ወንበር አስቀምጧት፤ የኋላው ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው ብዙ የሚነጥረው። ግን የወገብ ነገር ስለሆነ ሐኪሟን ብትጠይቅ ይሻላል፣ እኔም አንተም አይደለንም የምንወስንላት።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ለእሱ ግሩፑ ላይ አትመልስለት። መልእክቱን ከመላክህ በፊት በዚያው ቀን ደውልለት። ጽሑፍ ላይ ቀልድና ስድብ አይለይም፣ በድምፅ ግን ይለያል። “የዚያን ቀን ያልከው ነገር ከንክኖኛል። ብድር ላይ እንዳለሁ ታውቃለህ፣ ስለ መኪናዋ ብጠይቅ ለምን አስገረመህ?” በለው። ከዚያ ዝም በል። ምናልባት “ውይ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው” ይልህና ነገሩ እዚያ ያልቃል፤ እንዲህ ያሉ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቁት። ምናልባት ደግሞ ይኮሳተርብሃል። ከተኮሳተረ ቢያንስ አሁን አወቅኸው፣ ያውም ቤትህ ተቀምጠህ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ መኪናህ ውስጥ ሳትሆን።

አሁን ደግሞ ሌላውን ላስብልህ፣ ምክንያቱም እንደ ሰው ሊያምርህም ይችላል። ፎር ዊል ድራይቭ የገዛ ሰው አንድ ቀን እንኳ አሸዋ ላይ ልያት ቢል አይፈረድበትም። ኢንሹራንስህ የሚሸፍን ከሆነ፣ ዳርቻውም የሚፈቀድ ከሆነ፣ አንተም ከልብህ ከፈለግክ ይቻላል። ግን በነሱ ሙድ ሳይሆን በአንተ ሁኔታ።

ብቻህን አትግባ፣ ሌላ መኪና አብሮህ ይኑር። የጎማህን ንፋስ ቀንስ። አስፋልት ላይ 32 ወይም 35 ፒ.ኤስ.አይ. የነበረውን አሸዋ ላይ ብዙ ሰው ወደ 18 ገደማ ያወርደዋል፤ ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ አይሰምጥም። ወደ አስፋልት ስትመለስ ግን መልሰህ ሙላው፣ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ የጎማ መንፊያ ሳትይዝ ንፋስ አትቀንስ። አካፋም ያዝ። የአሸዋ ክምር ላይ በቀጥታ ውጣ፣ በቀጥታ ውረድ፤ በጎን ከሄድክ መኪና ይገለበጣል። ስትቆም ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁን ለቀህ ራሷ ቀስ ብላ ትቁም፣ አለዚያ ጎማው ፊት አሸዋ ይቆለላል። ከሰመጥክ ነዳጅ አትስጥ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር እየቆፈረ ነው የሚወርደው። ወርደህ በእጅም በአካፋም ጥረግና በመጣህበት ዱካ ወደ ኋላ ውጣ።

ጎትቶ ማውጣት ላይ ግን ቀልድ የለም። የተጎታች ማያያዣዋ ክብ ብረት ላይ ገመድ አስረው የሚጎትቱ ሰዎች አሉ። ያ ብረት ለዚህ አልተሠራም፣ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፣ ሰው ገድሏል። ከመኪናዋ አካል ጋር የተያያዘ፣ ለመጎተቻ ተብሎ የተሠራ መንጠቆ አላት ወይ የሚለውን ከመሄድህ በፊት እይ። ገመድ ሲወጠር ደግሞ ቪዲዮ ቀራጩ ጓደኛችሁም ጭምር ራቅ ብሎ ይቁም።

ሁሉም ቀበቶ ያስር። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው አይኑር። የጠጣ አይንዳ፣ መሪውንም “አንዴ ብቻ” ላለህ ሁሉ አትስጥ። ከሙላቱ መስመር በላይ ያለው ደረቅ አሸዋና ሣሩ ላይ አትውጡ፤ ወፎችና የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉት እዚያ አካባቢ ነው። አንድ ስምምነት ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ይኑራችሁ፤ መኪናው ውስጥ ካለው ሰው አንዱ “በቃ” ካለ ይቆማል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ አይሳቅበትም። ለጉዳት ማን ስንት እንደሚያዋጣም በጽሑፍ፣ ግሩፑ ላይ፣ ከጉዞው በፊት። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ከቀዘቀዘ መልሱን አገኘህ ማለት ነው፤ መኪናህን አቁመህ ወደ ሹፌሩ ሐሳብ ተመለስ።

ማረፊያዋ ውስጥም ስለምታድሩ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ባለቤቶቹ እዚያው የሚኖሩበት ቤት ሆቴል አይደለም፤ ቁርስ ሰዓት አለው፣ ማታ ድምፅ ይሰማል፣ በአሸዋ የተሞላ ጫማም በር ላይ ይወልቃል። ባሕሩ ጠዋት ማለዳ የሚሸሽ ከሆነ ቁርሱን ቀደም አድርገው ሊያቀርቡላችሁ ይችሉ እንደሆነ ከማታው ጠይቁ። ስትወጡም በየት በኩል እንደሄዳችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሯቸው። ስልክ የማይሠራበት ዳርቻ ላይ ብትቀሩ የሚፈልጋችሁ ሰው እነሱ ናቸው።

ከሁሉም በፊት ግን ቀብዱ ሳይቃጠል መቀየር የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ እወቅና መልእክትህ ከዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይድረሳቸው። ሰው ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ ያስፈልገዋል፣ የሚኮርፍም ካለ ኩርፊያው የሚበርድበት ጊዜ ይኑረው።